ለቆላ ከብት የሚሰጥ ጨው፥ አመራረጡና አደባለቁ

ከብት በግጦሽና በውኃ ይኖራል። ነገር ግን ግጦሹ ብዙ፥ ውኃውም ቅርብ ሆኖ ሳለ ከብቱ ሲከሳ፥ ላሚቱ ወተቷ ሲቀንስ፥ በሬውም ከቀንበር በታች ቶሎ ሲደክም የሚታይበት ጊዜ አለ። የዚህ ነገር ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ቢችልም፥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የጨው እጦት ወይም በጨው አሰጣጥ ላይ የሚደረግ ስሕተት ነው።

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፥ ማለት በመተማ፥ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ፥ ለከብት ጨው ማላስ ከጥንት የታወቀ ልማድ ነው፤ ልማዱም መልካም ነው። የሚጐድለው ምርጫና ልክ ነው። ጨው ሁሉ አንድ ነው ብሎ የሚያስብ ባለ ከብት ርካሹን ይገዛል፤ ብዙ መስጠት ደግነት የሚመስለውም ያለ ሚዛን ይበትናል። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ ገንዘቡን በአሸዋና በእርጥበት ላይ ያጠፋል፤ ሌላውም መልካም ጨው በክፉ ሰዓት ሰጥቶ ከብቱን ይገድላል። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንትና የእርሻ ሠራተኞች ጨው እንዴት እንደሚመረጥ፥ እንዴት እንደሚመዘንና ከምን ጋር እንደሚደባለቅ ዐውቀው ሕዝቡን ሊያስተምሩ ይገባቸዋል።

፩ ጨው ለከብት ስለ ምን ያስፈልጋል

ንጹሕ ጨው ከሁለት ነገር የተሠራ ነው፤ ከመቶው 39 እጅ ያህሉ ሶዲየም፥ የቀረው 61 እጅ ክሎሪን ነው። ሶዲየም በሰውነት ውስጥ ያለውን ውኃ በልክ ይጠብቃል፥ ጅማትና ሥጋ እንዲንቀሳቀሱ ያደርጋል፤ በከብት ምራቅ ውስጥም በብዛት ስለሚገኝ የበላውን ለማመንዠክና ለመፍጨት ይረዳል። ክሎሪኑ ደግሞ ምግብ ለሚፈጨው የሆድ አሲድ ያስፈልጋል።

በቆላ የሚበቅለው ሣር በክረምት ቁመቱ ሰውን የሚሸፍን ቢሆንም፥ እንደ ሌላው የሞቃት አገር ሣር ሁሉ ሶዲየሙ ጥቂት ነው። የማሽላ አገዳም እንደዚሁ ነው። ከብቱ ይህን እየበላ በመጋቢትና በሚያዝያ በሚበረታው ሐሩር በምራቁና በላቡ ጨው ያፈሳል፤ የምታጠባ ላምም በወተቷ ታወጣለች። የጋማ ከብት ላብ ከሁሉ ይልቅ ጨው ስለሚበዛበት፥ ጭነት የሚሸከሙ አህዮችና በቅሎዎች ሊዘነጉ አይገባም።

ጨው ያነሰው ከብት በምልክት ይታወቃል። የጓደኛውን ቆዳ ይልሳል፤ ሰው የሸናበትን መሬት ይፈልጋል፤ አፈርና እንጨት ያኝካል፤ ጠጕሩ ይሻክራል፥ መብሉን ይቀንሳል፥ ወተቱም ይጎድላል። አፈር መላሱን አይቶ «አፈሩ ጨው አለው፥ ይበቃዋል» ማለት ግን ስሕተት ነው። ከብት የሚልሰው አፈር ከቦታ ቦታ የተለያየ ነው፤ በአንዱ ስፍራ ጨው ቢኖረው በሌላው ኖራ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አፈሩ ሳይመረመር በጨው ፋንታ ሊቆጠር አይገባም።

፪ የጨው ምንጭና ዓይነቱ

የጨው ሁሉ አባት ባሕር ነው። በአንድ ኪሎ የውቅያኖስ ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል የተለያየ ጨው ይገኛል፤ ከዚህም ለምግብ የሚሆነው ጨው 27 ግራም ያህል ነው። የቀረው የማግኔዚየም፥ የካልሲየም፥ የፖታሲየምና የሌላም ነገር ጨው ነው። የባሕር ውኃ በፀሐይ ሲደርቅ እነዚህ ሁሉ ባንድ ጊዜ አይረጉም። አስቀድሞ ኖራው፥ ቀጥሎ ጀሶው ይወርዳል፤ ውኃው ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ሲቀር መልካሙ ጨው ይረጋል፤ በመጨረሻም መራራው የማግኔዚየምና የፖታሲየም ጨው ይቀራል። እንግዲህ መልካም ጨው የሚባለው በልኩ ሰዓት የተሰበሰበው ነው። ጨው አምራቹ ቸኵሎ ቢሰበስብ ጀሶ ይበዛበታል፤ ዘግይቶ የመጨረሻውን ውኃ ሳያፈስስ ቢያደርቅ ደግሞ ጨው መራራና እርጥበት የሚስብ ይሆናል።

በኢትዮጵያ የከበረው የጨው ምንጭ የአፋር ዝቅተኛ አገር ነው። ይህ አገር ቀድሞ በቀይ ባሕር ውኃ የተሸፈነ ነበረ፤ ባሕሩ ደርቆ ጨውን ትቶ ሄደ። ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ባለው በአሳሌ ሜዳ ሠራተኞች ጨውን በመጥረቢያ እየፈለጡ፥ በጠፍጣፋ መልክ እየጠረቡ በግመልና በአህያ ወደ በረሃሌና ወደ መቀሌ ይልኩት ነበር። አሞሌ የሚባለው ይህ ነው። አሞሌ በቀድሞ ዘመን በጎንደር ገበያ እንደ ገንዘብ ይቈጠር እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ሁለተኛው ምንጭ የአፍዴራ ሐይቅ ነው፤ ውኃው በመምጠጫ መሣሪያ ተስቦ በሰፋፊ ሜዳ ላይ በተሠሩ ኵሬዎች ይዘረጋና በፀሐይ ይደርቃል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ ከአሰብ የሚመጣው የባሕር ጨው ከቀረ ወዲህ፥ የአፍዴራ ጨው በአገሪቱ ገበያ ዋናውን ስፍራ ያዘ።

በመተማ በኩል ደግሞ ድንበሩ ቅርብ ስለ ሆነ ከማዶ የሚመጣ ጨው የሚገኝበት ጊዜ ይኖራል። ነገር ግን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን የተነሣው ጦርነት የድንበሩን ንግድ ስላወከ፥ የወረዳ ሹማምንት የከብቱን ጨው ከድንበር ማዶ በሚመጣ ነገር ላይ ብቻ ሊያሳርፉት አይገባም።

እነዚህ ጨዎች ለከብት ሲሰጡ ጥቅማቸው ይለያያል። አሞሌ ጠንካራ ስለ ሆነ ከብቱ በምላሱ ጥቂት በጥቂት ያነሣዋል፤ ዝናምም ቶሎ አያሟሟውም፤ ስለዚህ ከመጠን በላይ መውሰድን ይከለክላል። ጉዳቱ ግን ኃይለኛው ከብት ደካማውን ገፍቶ ብቻውን ሲልስ መዋሉ ነው፤ ምላሷ የለሰለሰ ጊደርም የሚበቃትን ላታገኝ ትችላለች። የደቀቀው የአፍዴራ ጨው በሚዛን ለመስጠትና ከሌላ ነገር ጋር ለመደባለቅ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ካልተጠበቀ ባንድ ቀን ዝናም ይጠፋል፥ የተራበ ከብትም ባንድ ጊዜ ብዙ ሊውጠው ይችላል።

አዮዲን የገባበት ጨው ከሁለቱም የሚበልጥበት አንድ ምክንያት አለ። አዮዲን ያነሰበት አገር ሰው እንቅርት እንዲያበቅል፥ ከብቱም እንቅርት ያለበትና ደካማ ጥጃ ወይም ግልገል ሊወልድ ይችላል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቍጥር 204 ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲገባበት ያዛል። ስለዚህ ዋጋው እስከ ተመጣጠነ ድረስ አዮዲን ያለውን ጨው ለከብትም መስጠት ይጠቅማል። ነገር ግን አዮዲን በእርጥበትና በፀሐይ ስለሚቀንስ፥ ጨው በደረቅ ቤት፥ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፥ አፉ በታሰረ ጆንያ መቀመጥ አለበት። ለከብት ተብሎ የተገዛ አዮዲን የሌለው ጨው ቢኖርም፥ ተመልሶ በሰው ማዕድ እንዳይገባ ለብቻው ሊቀመጥና ምልክት ሊደረግበት ይገባል።

፫ ጨውን በገበያ ስለ መፈተን

በአሞሌ ዘመን ጨው በቍጥር ይገዛ ነበር፤ ትልቁም የተሸራረፈውም አንድ ተብሎ ሲቈጠር ጉዳቱ የገዢው ነበረ። ለከብት የሚሆን ጨው ግን በቍጥር ሳይሆን በክብደት ሊታሰብ ይገባዋል፤ የከብቱ ሰውነት የሚፈልገው በግራም ነውና። ስለዚህ ጨው የሚገዛ ማኅበር ወይም ባለ ከብት አስቀድሞ ሦስት ፈተና ቢያደርግ መልካም ነው፤ ለዚህም ከሚዛን፥ ከምጣድና ከነጭ ጨርቅ በቀር ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም።

መጀመሪያው የእርጥበት ፈተና ነው። 100 ግራም ጨው ተመዝኖ በምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት ይደርቃል፤ ደርቆ ሲመዘን 92 ግራም ቢሆን፥ ገዢው ከመቶ ኪሎ ጨው 8 ኪሎ ውኃ ገዝቷል ማለት ነው። በክረምት የሚገዛ ጨው በተለይ እንደዚህ ያለ ነው።

ሁለተኛው የዝቃጭ ፈተና ነው። 100 ግራም የደረቀ ጨው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይማሰላል። አንድ ሊትር ውኃ 350 ግራም ያህል ጨው ማሟሟት ስለሚችል፥ 100 ግራም ጨው ንጹሕ ከሆነ ፈጽሞ ይጠፋል። ሌሊቱን በብርጭቆ ወይም በጠርሙስ አድሮ ከታች የሚቀረው አሸዋ፥ ጭቃና ጀሶ ነው። ይህ በነጭ ጨርቅ ተጠልሎና ደርቆ ይመዘናል፤ 5 ግራም ቢሆን ከመቶ አምስት እጅ ዝቃጭ አለው ማለት ነው። ጥቂት አሸዋ ከብቱን አይጎዳውም፤ ነገር ግን በጨው ዋጋ አሸዋ መግዛት አይገባም፥ የሚሰጠውም ልክ ይሳሳታል።

ሦስተኛው የመራርነት ፈተና ነው። ጥቂት ጨው በምላስ ላይ ሲደረግ ከጨውነቱ በኋላ መራራ ጣዕም የሚተው ከሆነ፥ ደግሞም በበጋ ሳይቀር ጆንያውን የሚያረጥብ ከሆነ፥ ማግኔዚየም በዝቶበታል ማለት ነው። ይህን ያለ ጨው ከብቱ በፈቃዱ አይልሰውም፤ ቢወስደውም ሆዱን ያላላዋል። ይህን ጨው መተው ይሻላል።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ይጨመራል። በመተማ ቆላ ጥጥ፥ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ ሰዎች ቤት ዩሪያ የሚባለው ነጭ ማዳበሪያ ሊገኝ ይችላል። ዩሪያ ነጭ ድቡልቡል ፍሬ ስለ ሆነ፥ ጆንያው ከተቀደደ ወይም በሌላ ዕቃ ከተገለበጠ ጨው ሊመስል ይችላል። የተራበ ከብት ዩሪያን እንደ ጨው ቢልስ ጥቂት ሰዓት ሳይቈይ ይነፋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ይወድቃል፥ ይሞታልም። ስለዚህ ጨውና ማዳበሪያ ባንድ ቤት ሊቀመጡ፥ የማዳበሪያም ጆንያ ለጨው መያዣ ሊሆን ፈጽሞ አይገባም። ለፈተናም ቢሆን ምንነቱ ያልታወቀ ነጭ ነገር በምላስ አይቀመስም፤ የመራርነት ፈተና የሚደረገው ጨው መሆኑ በተረጋገጠ ነገር ላይ ብቻ ነው።

፬ የሚሰጠው ልክ

250 ኪሎ የሚመዝን የአገር ከብት በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው ይበቃዋል። የምትታለብ ላም ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት 2 ግራም ያህል ይጨመርላታል። በግና ፍየል ከ5 እስከ 8 ግራም ይወስዳሉ። ግመል ከሌላው ከብት ሁሉ ይልቅ ጨው ስለሚሻ በላም ልክ ሊታሰብ አይችልም። ገና በወተት ብቻ የሚያድግ ጥጃ ለብቻው ጨው አያስፈልገውም።

30 ግራም የደቀቀ ጨው ሁለት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ይሁን እንጂ የደቀቀውና ድቡልቡሉ ጨው በአንድ ማንኪያ ውስጥ ክብደታቸው አንድ ስላልሆነ፥ ጨው በተለወጠ ቍጥር አንድ ጊዜ በሚዛን መዝኖ ማንኪያውን ወይም ጣሳውን በምልክት ማስተካከል ያስፈልጋል።

ይህ ልክ ለሹም አሳብ ይጠቅመዋል። ከደምቢያ፥ ከጭልጋና ከሌላውም ደጋ የሚኖሩ ባለ ከብቶች ክረምት ሲገባ እርሻው ስለሚዘራ ከብታቸውን ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ ያወርዳሉ፤ ሰብሉ ከታጨደ በኋላም ይመልሳሉ። አንድ እረኛ 50 ከብት ይዞ ለ120 ቀን ቢቀመጥ፥ በቀን 30 ግራም ሲታሰብ 180 ኪሎ፥ ማለት ሁለት ኩንታል የማይሞላ ጨው ያስፈልገዋል። ይህን ያህል ጨው መንገዱ በጭቃ ሳይዘጋ በግንቦት ካልተገዛ፥ በሐምሌ በጫካ መካከል ከየትም አይገኝም። ስለዚህ የእያንዳንዱ መንጋ ቍጥር በግንቦት ሲታወቅ የሚያስፈልገው ጨው አብሮ ይታወቃል።

፭ ጨው ያለ ውኃ መርዝ መሆኑ

ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢዘነጋ ይህ ክፍል ሊዘነጋ አይገባም። ጨው የሚጎዳው በብዛቱ ብቻ ሳይሆን ውኃ ባለመኖሩ ነው። ከብት ጨው ሲበላ ሰውነቱ ትርፉን በሽንት ለማውጣት ውኃ ይፈልጋል፤ ውኃ ካላገኘ ጨው በደሙ ውስጥ ይበዛና ከአንጎሉ ውኃ ይስባል። ያን ጊዜ ከብቱ ምራቁን ያዝረከርካል፥ ያስቀምጠዋል፥ ይንገዳገዳል፥ ዓይኑ ያያል ሳይባል ከዛፍ ጋር ይላተማል፥ ወድቆም ይንፈራገጣል።

በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 2 ግራም ያህል ጨው ባንድ ጊዜ የገባበት ከብት ሊሞት ይችላል፤ ለ250 ኪሎ ከብት ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ውኃ ከሌለ ከዚህ ያነሰውም ይበቃል። በጨው የተራበ መንጋ የተከፈተ ጆንያ ቢያገኝ ይህን ያህል መዋጥ ለያንዳንዱ ከባድ አይደለም።

በመተማ ቆላ በበጋ ብዙ ወንዝ ይደርቃል፤ ጓንግና ሽንፋም ውኃቸው ይቀንሳል። ከብት አንድ ቀን እየተዘለለ የሚጠጣበት ስፍራ አለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጨው የሚሰጠው ከብቱ በሚጠጣበት ቀን ብቻ፥ ከጠጣ በኋላ፥ ውኃውም ሳይርቅ ነው። በማይጠጣበት ቀን ጨው አይሰጥም፤ ያለፈውንም ለማካካስ በሁለት ቀን ልክ ባንድ ጊዜ አይሰጥም። ብዙ ወር ጨው ያላየ መንጋም መጀመሪያ ቀን ከልኩ ሲሶ ብቻ ተሰጥቶት በ10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉው ልክ ይደርሳል።

በጨው የተጎዳ ከብት ሲገኝ የሰው ልብ ወዲያውኑ ውኃ ሊያጠግበው ይፈልጋል፤ ይህ ግን ሁለተኛ ጉዳት ነው። ባንድ ጊዜ ብዙ ውኃ ከጠጣ አንጎሉ ያብጣል። ጨው ከፊቱ ተነሥቶ፥ ውኃ ጥቂት በጥቂት፥ ጊዜ እየተሰጠ ሊጠጣና ለእንስሳት ሐኪም ፈጥኖ ሊነገር ይገባል።

ደግሞም የጕድጓዱ ውኃ ራሱ ጨዋማ የሆነበት ስፍራ ሊኖር ስለሚችል ውኃው ይፈተን። 10 ሊትር ውኃ በንጹሕ ድስት እስኪደርቅ ተፍልቶ የቀረው ነጭ ነገር ይመዘናል። እስከ 30 ግራም ድረስ ከሆነ ለከብት መልካም ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጨው ሲሰጥ ይቀነስ፥ ከ50 ግራም ካለፈም ጨው ከመስጠት ይልቅ ሌላ ውኃ መፈለግ ይሻላል።

፮ ከጨው ጋር የሚደባለቀው

ጨው ሶዲየም ይሰጣል እንጂ ሌላውን ጕድለት አይሞላም። የቆላ ሣር ሌላው ትልቅ ጕድለት ፎስፎር ነው። ይህም ጕድለት የሚታየው በሚያስደንቅ ሁኔታ ሣሩ በለመለመበት በክረምት ነው፤ ከብቱ በልቶ ሊያድግ ሲጀምር አጥንት የሚሠራበት ፎስፎር ያጥረዋልና። ፎስፎር ያነሰው ከብት የወደቀ አጥንት ያኝካል፤ እግሩ ይደነዝዛል፥ ላሚቱም ጥጃ ሳታስብ ዓመት ታልፋለች። በበጋ ግን ሣሩ ሲደርቅ ዋናው ጕድለት የሥጋ ገንቢው ምግብ ነው። ስለዚህ በክረምትና በበጋ አንድ ዓይነት ድብልቅ መስጠት አይገባም።

ለክረምት የሚሆነው ድብልቅ እኩል ክብደት ያለው ጨውና የተቃጠለ አጥንት አመድ ነው። ከአንድ ከብት በቀን 60 ግራም ይሰጣል፤ 30 ግራሙ ጨው፥ 30 ግራሙ አመድ ሆኖ ከአመዱ 5 ግራም ያህል ፎስፎር ያገኛል። የፎስፎሩ ፍላጎት ከዚህ ቢበልጥም የቀረውን ከግጦሽ ይወስዳል። ከፋብሪካ የሚመጣው ዳይካልሲየም ፎስፌት ሲገኝ በአመዱ ስፍራ መግባት ይችላል፤ እርሱም ከአጥንት ይልቅ የታመነ ነው።

አጥንቱን ስለ ማዘጋጀት ጥንቃቄው ብዙ ነው። በድንገት የሞተ ከብት አጥንት ፈጽሞ አይነካም። አባ ሰንጋ የገደለው ከብት አጥንት የበሽታውን ዘር ብዙ ዓመት ስለሚሸከም፥ እንዲህ ያለው በድን ሳይገፈፍና ሳይቈረጥ ለእንስሳት ሐኪም ይነገርና ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ይቀበራል። ለድብልቅ የሚሆነው ተመርምሮ ከታረደ ከብት የተገኘ የቄራ አጥንት ብቻ ነው። እርሱም በብርቱ እሳት ውስጡም ውጭውም ነጭ እስኪሆንና በእጅ እስኪፈረፈር ይቃጠላል፤ ጥቁር የቀረበት ተመልሶ ይቃጠል። ከዚያ ተወቅጦ በወንፊት ይነፋል። ያልተቃጠለ የአጥንት ዱቄት ግን አይሰጥም፤ በእንግሊዝ አገር በ1979 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1986) የታወቀው የላም እብደት የሚባለው በሽታ ሥጋና አጥንት ተፈጭቶ ለከብት በመሰጠቱ እንደ ተስፋፋ የዓለም ሐኪሞች አረጋግጠዋል። ወደ ውጭ አገር የሚሸጥ ከብት ያለው ሰውም የገዢው አገር ሕግ ምን እንደሚፈቅድ አስቀድሞ ከእንስሳት ሐኪሙ ይጠይቅ።

የበጋው ድብልቅ ሌላ ነው። ጨው ከሰሊጥ ወይም ከጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጋር ይሰጣል፤ ለ1 ኪሎ ፋጉሎ 30 ግራም ጨው ይበቃል። ፋጉሎ በሌለበት ደግሞ የማሽላ አገዳ ተከትፎ በጨው ውኃ ይረጫል። ለ100 ኪሎ ደረቅ አገዳ ግማሽ ኪሎ ጨው በ10 ሊትር ውኃ ተሟሙቶ በእኩል ይረጫል፤ በቀን 5 ኪሎ የሚበላ ከብትም 25 ግራም ጨው ያገኛል ማለት ነው። አገዳው እንዳይሻግት በዕለቱ የሚበላውን ያህል ብቻ ማርጠብ ይገባል። እንዲህ ጨው የበላ ከብት በዚያው ቀን በገንዳ ሌላ ጨው አይጨመርለትም።

ድብልቁ በእኩል እንዲዋሐድ ሥርዓት አለው። ሁለቱም ነገሮች የደረቁና የደቀቁ ይሁኑ። በሸራ ላይ ተዘርግተው ከጥግ ወደ ጥግ ሦስት ጊዜ ይገለበጣሉ። ጥቂት የሆነ ነገር፥ እንደ ፋብሪካ የማዕድን ዱቄት ያለ፥ የሚጨመር ሲሆን አስቀድሞ ከአንድ እፍኝ ጨው ጋር፥ ቀጥሎ ከአንድ ቁና ጋር፥ በመጨረሻም ከሁሉ ጋር ይዋሐድ፤ ባንድ ጊዜ በክምሩ ላይ ቢበተን ግን አንዱ ከብት ምንም ሳያገኝ ሌላው ከመጠን በላይ ይወስዳል። ለላም የተዘጋጀ መዳብ ያለበት የፋብሪካ ማዕድን ለበግ አይሰጥ፤ የበግ ጉበት መዳብን ስለሚያከማች ለላም መድኃኒት የሆነው ለበግ መርዝ ይሆናል። በመተማ በግና ላም ባንድ ገንዳ የሚልሱበት ቤት ካለ፥ የበጎቹ ገንዳ ሊለይ ይገባል።

፯ ስለ ገንዳውና ስለ ስፍራው

የጨው ገንዳ ከተቦረቦረ ግንድ ቢሠራ ይሻላል፤ ብረት በጨው ቶሎ ይዝጋል። ገንዳው ከላይ የሣር ክዳን ይኑረው፥ ከሥሩም ውኃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይበጅለት፤ የዝናም ውኃ በገንዳ ውስጥ ተጠራቅሞ ጨውን ካሟሟ ከብቱ ያን ጠጥቶ ይጎዳልና። ገንዳው ከውኃው ባይርቅም በውኃው አፍ ላይ አይሁን፤ ከብት ተሰብስቦ ውኃውን እንዳያደፈርስ ጥቂት ምዕራፍ ይለይ። ደካሞቹና ጊደሮቹ እንዲደርሳቸው ለአንድ መንጋ አንድ ረጅም ገንዳ ከማድረግ በየስፍራው ሁለት ሦስት ማድረግ ይጠቅማል። ከደጋ የወረደው ከብት ከአገሩ ከብት ጋር ባንድ ገንዳ አይላስ፤ በሽታ በምራቅ ይተላለፋልና፥ በሁለቱ ባለ ከብቶችም መካከል ጠብ እንዳይነሣ ይረዳል።

፰ ከሹማምንት የሚጠበቀው

የወረዳው የእርሻ ሹም በግንቦት ውስጥ ሦስት ነገር ቢያደርግ ሥራው ይቀላል። በመጀመሪያ ወደ ወረዳው የሚገባውንና ያለውን ከብት ቍጥር ከየቀበሌው ሰብስቦ የሚያስፈልገውን ጨው በኪሎ ያስላ። ሁለተኛ በገበያው ከሚገኘው ጨው ጥቂት ወስዶ በእርጥበት፥ በዝቃጭና በመራርነት ይፈትን፤ ውጤቱንም ለማኅበራትና ለነጋዴዎች ያስታውቅ፤ መልካም ጨው የሚያመጣ ነጋዴ እንዲታወቅ፥ አሸዋ የሚቀላቅልም እንዲያፍር ያደርጋልና። ሦስተኛ ለየቀበሌው አንድ የታመነ ሚዛንና አንድ የታወቀ መስፈሪያ እንዲኖር ይድከም።

በክረምቱም ጊዜ ጨው የተሰጠበት ቀን፥ የከብቱ ቍጥር፥ የጨውና የድብልቁ ክብደት፥ የውኃውም ስፍራ በመዝገብ ይጻፍ። የታመመ ወይም የሞተ ከብት ሲኖር፥ ሐኪሙ ከመዝገቡ ጨው መቼና ምን ያህል እንደ ተሰጠ ያያል። በመስከረም መጨረሻ መዝገቡ ሲታይ የትኛው መንጋ በልክ እንደ ላሰ፥ ላሞቹ ስንት ጥጃ እንዳሰቡ፥ የትኛውስ ስፍራ ውኃ አጥቶ ጨው እንደ ተወ ይገለጣል፤ ለሚመጣው ዓመት ግዢም መሠረት ይሆናል።

ለአንድ ከብት በወር የሚያስፈልገው ጨው ከአንድ ኪሎ አይደርስም፤ ከመታመሙና ከመሞቱ ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ጥቂት ዋጋ ፍሬ የሚሰጠው ግን ጨው ተመርጦ ሲገዛ፥ በሚዛን ሲለካ፥ እንደ ወራቱ ሲደባለቅ፥ ከሁሉም በላይ ውኃ ባለበት ሰዓት ሲሰጥ ነው።